ሳይታጠብ የቀረው ካፖርት

የትምህርት ቤታችን የድራማ ክበብ ኮሚቴ አባል ሆኜ የቆየሁት መንፈቅ አይሞላም። ያስወጣኝን ግን ዛሬም ከፍዬ አልጨረስኩትም፤ አንድ ጓደኛ፣ የአንዲት እናት ሰላምታ፣ ደግሞ ጉም በወረደ ቁጥር የማጣው ሰላም። ዕድሜዬን በንግድ ነው የጨረስኩት፤ እንዲህ የከሰርኩበት ገበያ የለም።

ጉሙን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። ደባርቅን ካወቅሃት፣ ክረምት ላይ ጉሙ ከሊማሊሞ ገደል ተነሥቶ ሱቅ ለሱቅ ሲዞር አይተሃል። ደንበኛ እንኳ በሩ ላይ ቆሞ “እንዴት ዋላችሁ” ይላል፤ እሱ ዝም ብሎ ይገባል። ጨውን ያረጥባል፣ ክብሪቱን ያበላሻል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ክፍል ዘልቆ የተሰቀለውን አሮጌ ካፖርት ይቀሰቅሰዋል። እርጥብ ሱፍ፣ ጌሾ፣ ትንሽ ላምባ። ያ ጠረን ሲመጣ ስኳር እየመዘንኩ እንኳ ብሆን እጄ ባለበት ይቀራል።

“ጋሼ፣ ሚዛንዎ ቆመ እኮ!” ይሉኛል።

የቆመው ሚዛኑ አይደለም።

ካፖርቱ የጓደኛዬ ነበር። ጓደኛዬ የአንዲት ጌሾ ሻጭ ብቸኛ ልጅ ሲሆን በክፍል ይበልጠኝ ነበር። በክበቡ ውስጥ ሥራው ንብረት ክፍል ነው፤ ለትርዒት የሚያስፈልገውን ጎራዴ፣ ኮርቻ፣ ካባ፣ ሁሉን ከከተማው ሰው ተውሶ የሚያመጣ፣ ሲያበቃም የሚመልስ። በአካሉ ግዙፍ ነበር። ካፖርቱን ሲለብስ ነሐስ ቁልፎቹ ከገበያው ዳር ሆነው ይታያሉ፤ “ያውና ጄኔራሉ መጣ” እያልን እናሾፍበት ነበር።

ቀልዳችን ጆሮ አገኘ መሰለኝ። ደርግ ለጦሩ ሰው የሚሰበስብበት ጊዜ ነበር፤ አንድ ቅዳሜ ከሌሎች ጋር ተቆጥሮ መኪና ላይ ወጣ። ካፖርቱን አውልቆ ለእናቱ ሰጣቸው። “እዚያ ልብስ ይሰጡናል አሉ” አላቸው። ለእኔ የክበቡን የዕቃ ሳጥን ቁልፍ ወረወረልኝ።

“ወንበሬን አሙቅልኝ። ስመለስ ግን ትነሣለህ!”

ከዚያ በኋላ አንድ ደብዳቤ ብቻ መጣ። ዓመት ሊሞላው ተቃርቦም ሁለተኛ አልመጣም።

ኮሚቴ ውስጥ የገባሁት በዚያ ወንበር ነው። ሊቀ መንበራችን የዳባት ቄስ ልጅ ነበር፤ ድርሰቱንም የሚጽፈው እሱ ነው። አንደበቱ ላይ ቅዳሴና የካድሬ ስብሰባ አብረው ያድሩ ነበር። “በእግዚአብሔር ፈቃድ…” ብሎ ይጀምርና ዙሪያውን አይቶ “በብዙኃኑ ፈቃድ ማለቴ ነው ጓዶች” ይላል። የእኔን ስም የጠቆመው እሱ ነው። “ይሄ ልጅ ድራማ አያውቅም። ነገር ግን ከድንጋይም ቢሆን ዕቃ ይዋሳል” አለ። ተቃውሞ ካለ ተጠየቀ፤ ተጨበጨበ። ከዚያ ስለ መጋረጃው ቀለም ስንከራከር ዋልንና መጋረጃ እንደሌለን ትዝ ያለን ቃለ ጉባኤው ከተጻፈ በኋላ ነበር።

እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። የጓደኛዬ ወንበር አንድ እግሩ አጭር ነው፤ ስቀመጥበት ይወዛወዛል። እየተወዛወዝኩ ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

የዚያ ዓመት ድራማ ስለ አንድ ጭሰኛ ነበር። ጭሰኛው በሠርጉ ማግስት በባላባቱ እጅ ይገደላል፣ አስከሬኑም ገደል ይጣላል፤ መንደሩ አልቅሶ ሲያበቃ በባላባቱ ላይ ይነሣል። የከተማው ካድሬ አንብቦት መጨረሻው ላይ አንድ መፈክር ጨመረበት እንጂ ሌላውን አልነካም። ለሙሽራው የሚሆን ግርማ ያለው ልብስ አምጣ ተባልኩ። እግሬ ወዴት እንደሚወስደኝ ታውቀዋለህ።

እናቱ በራፋቸው ላይ ጌሾ ይወቅጡ ነበር።

“እትዬ፣ ካፖርቱን ለእሑድ ያውሱኝ። ሙሽራው ይለብሰዋል።”

ዘነዘናው አየር ላይ ቀረ። “ሙሽራው?”

“ሙሽራው።”

“እንግዲህ…” አሉና የግንባራቸውን ላብ ጠረጉ። “ሠርጉን በዚህ እንኳ ልይለት።” ገብተው ካፖርቱን በሁለት እጃቸው ታቅፈው አወጡት፤ አንገትጌውን አሸተቱት። “እንዳታጥቡት። ጠረኑን ይዞልኝ ነው ያለ።”

“እንደ ሰጡኝ ይመለሳል እትዬ።”

“የነጋዴ ልጅን ቃል እኔ አላምንም” ብለው ሳቁ። ስቀው ሰጡኝ። ከፊት ወንበር ላይ ቦታ እንደምይዝላቸውም ነገርኳቸው።

ልምምድ ላይ ነገሩ ተበላሸ። ሙሽራ ሆኖ የሚጫወተው ልጅ አጭር ነበር። ካፖርቱ እግሩ ሥር ተጎተተ፤ እጁም በእጅጌው ውስጥ ጠፋ። ሊቀ መንበሩ ትክ ብሎ አይቶት፣ “አውልቁለት። ይሄ ሠርግ ነው ወይስ ድንኳን ማፍረስ?” አለ። ለሙሽራው ሌላ ልብስ ተፈለገ፤ ካፖርቱ ሚስማር ላይ ተሰቀለ። ሄጄ ለእናቱ መንገር ነበረብኝ። ነገ እነግራለሁ እያልኩ እሑድ ደረሰ።

አሁን አንድ ነገር ማወቅ አለብህ። በእኛ አገር ሰው ርቆ ሞቶ አስከሬኑ ካልመጣ የሚለቀሰው በልብሱ ነው። ልብሱ ወጥቶ አደባባይ ይያዛል፤ አልቃሿ እሱን እያየች ሙሾ ታወርዳለች። ድራማው ውስጥም እንደዚያ ነበር የታሰበው፤ በእንጨት ላይ የሟች ጋቢ ይንጠለጠላል። ታዲያ በሕይወት የቆመ ሰው ጋቢውን ለዚህ አያውስህም። ሟርት ነው። ስለዚህ ተራራው ላይ ካለው ከጊች መንደር አንድ ገበሬ የሟች አባቱን አሮጌ ጋቢ ሊያመጣልኝ ቃል ገብቶ ነበር።

እሑድ ጉም ወረደ። የጊቹ ሰው መንገድ ላይ ቀረ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን በጉሙ ውስጥ እንደ ገመድ ተዘርግቷል። ለመድረኩ የጎዘጎዝነው የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሸታል። ሠርጉ አልቋል፣ ባላባቱ ተኩሷል፣ ሊቀ መንበሩ ከመጋረጃው ጀርባ (የአልጋ ልብስ ሰቅለን ነበር) ጆሮዬ ሥር ይንሾካሾካል፦

“ጋቢው! ጋቢው የት አለ?”

“አልመጣም።”

“አንድ ነገር አውጣ እንጂ አንተ ሰው!”

ጋቢ ለብሼ ነበር። ይሄን ለማንም ሳልናገር ኖሬያለሁ። አዲስ ጋቢ፣ ትከሻዬ ላይ። እጄን ወደ እሱ ሰድጄ መለስኩት። ዞር ስል ካፖርቱ ሚስማር ላይ አለ። ከኋላ ወንበር የማይታይ ዕቃ አይሸጥም፣ ይሄ ደግሞ ከሩቅ ይታያል አልኩ፤ ለራሴ ያቀረብኩት ምክንያት ይህ ነው። ነሐስ ቁልፎቹን እንዲያበሩ በእጅጌዬ ወለወልኳቸው። ከዚያም እንጨቱ ላይ ሰቅዬ ወደ መድረኩ ገፋሁት።

አልቃሽ ሆና የምትጫወተው ልጅ የተጻፈላት ሙሾ ስለ ባላባት ግፍ ነበር። ቀና ስትል ካፖርቱን አየች። አልቃሽ ያየችውን ነው የምታወርደው፤ ድርሰቱን ትታ የራሷን ያዘች፦

ብርዱ ሳይለቀው ልብሱን ጥሎ ሄደ፣
ማን ያለብሰው ይሆን መንገድ የወደደ።

ከፊት ወንበር እናቱ ተነሡ። አልጮኹም። መድረኩ ሥር ደርሰው እጅጌውን ያዙ፤ ሰው እጅ እንደሚይዝ። ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ።

“ለምን በማለዳ አላረዳችሁኝም?” አሉ።

መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎረቤት ተጠርቶ። በድራማ መካከል መርዶ የሚያረዳ ሕዝብ የለም፤ እሳቸው የጠየቁት ወግ ለምን እንደ ቀረባቸው ነበር።

ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ታጠቁ። ያን ጊዜ አዳራሹ ተነሣ። ደባርቅ ላይ ሴት ስታለቅስ ካየህ ምን ሆና ነው አትልም፤ መጀመሪያ ታለቅሳለህ፣ ምክንያቱን ወደ ኋላ ትሰማለህ። የሞተው ሙሽራም ከጓዳ ወጥቶ አለቀሰ። ካድሬው እንኳ ቆቡን አወለቀ፤ መልሶ ደፋው፤ ደግሞ አወለቀ። ሊቀ መንበሩ “ድራማ ነው! ወገኖቼ፣ ድራማ ነው!” ሲል ማን ይስማው። እሱም የሚለው እያለቀሰ ነበር።

በማግስቱ ኮሚቴው ተሰብስቦ ወደ ቤታቸው ሄደ። ዳስ ተጥሏል። የንስሐ አባታቸው፣ ሽማግሌ ቄስ፣ ደጁ ላይ ተቀበሉን። ሊቀ መንበሩ መስቀል ተሳለመና፣

“አባ፣ ስሕተት ሆኗል። አልሞተም” አላቸው።

“እሰይ። ማን አየው?”

ሊቀ መንበሩ ወደ እኔ ዞረ።

“ደብዳቤ አላችሁ?”

“የለንም አባ።”

“እንግዲህ ልጆቼ፣ መርዶ ይነገራል እንጂ አይመለስም። ገብታችሁ ተቀመጡ፤ ቆሎም ቅመሱ።”

ማኅተም ነበረን፣ ቃለ ጉባኤ ነበረን፤ አንድ ሰው በሕይወት እንዳለ የሚያሳይ ወረቀት ግን ኮሚቴው ውስጥ አልነበረም። ካድሬው ወደ ጦሩ እንዲጽፍልን ለመንነው፤ “ይጣራል” አለ። እንዳለውም ቀረ።

በሦስተኛው ቀን ሰው ሲሳሳ እናቱ አጠገባቸው ጠሩኝ። ድምፃቸው አልቆ ነበር።

“አንተ አትዋሸኝ። የሰማችሁት ነገር አለ?”

“የለም እትዬ። ምንም አልሰማንም።”

“ታዲያ ለምን ሰቀላችሁት?”

“ጋቢው ስላልመጣ ነው።”

ትከሻዬን ረጅም ጊዜ አዩ። “አንተ ለብሰህ አልነበረም?”

መልሱ አፌ ውስጥ ነበር። ሟርቱን ፈርቼ፣ የራሴን ሰስቼ፣ የልጅዎን አወጣሁ። ይኼን ብል፣ ይሰድቡኝ ነበር፣ ምናልባትም በጥፊ ይሉኝ ነበር፤ ግን ያምኑኝ ነበር። ልጃቸውንም እንደ ገና ይጠብቁ ነበር። የቀረው ሰው ቆሎ እየቆረጠመ ዙሪያውን ተቀምጧል። አፈርኩ። አቀረቀርኩ።

ማቀርቀሬን እንደ መልስ ወሰዱት።

“የቆመ ሰው ልብስ እንደማይወጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ” አሉ ቀስ ብለው። “አውቃችኋል ማለት ነው። እግዜር ይስጥልኝ፣ አልጨከናችሁም።”

አመሰገኑኝ። ስድቡ ይሻለኝ ነበር።

በአርባው ተዝካሩን አወጡ። በማግስቱ ካፖርቱን ልከው፣ “ለነዳይ ስጥልኝ” አሉኝ። ከዚያ ቤታቸውን ለዘመድ ትተው መነኮሱ፤ ቆላ ወዳለ ገዳም ወረዱ። በመንገድ ሲያልፉ ሰላም ይሉኛል ብዬ በር ላይ ቆሜ ነበር። መነኩሴ ዓለምን ዞሮ አያይም። ክበቡም ተዘጋ፤ እኔም ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ ገበያ ገባሁ።

መንግሥት ሲለወጥ የተበተነው ጦር በእግሩ ወደየቤቱ ይጎርፍ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ጉም ነበር፣ አንድ የከሳ ረጅም ሰው ሱቄ ደጃፍ ቆመ።

“ወንበሬን አሞቅኸው?” አለኝ።

ሰው ሁሉ አማተበ። እኔ ለማማተብ እንኳ አልደፈርኩም። ተማርኮ እንደ ቆየ ነገረኝ። እናቱ ወዳሉበት ገዳም ወረደ፤ በሳምንቱ ተመለሰ።

“ዓይኗ ጠፍቷል” አለ። “እጄን ዳበሰችው። ‘ድምፅህ የልጄን ይመስላል፣ ነፍሱን ይማረውና’ አለችኝ። መረቀችኝ።”

“እኔ ነኝ አላልካቸውም?”

“አልቅሳ ጨርሳለች። ሰላም አግኝታለች። ደግሞ ልቀስቅሳት?”

ያን ጊዜ ነገርኩት። ስለ ጋቢው፣ ስለ ማቀርቀሬ፣ ሁሉንም። ያቀረብኩለትን ሻይ ሳይጠጣ ገፋ አደረገው።

“እኔም ብሆን የራሴን አላወጣም ነበር” አለ በመጨረሻ። ይቅርታ መስሎኝ ቀና አልኩ። “ዝም ግን አልልም ነበር።”

ለነዳይ ሳልሰጠው የቀረውን ካፖርት ከኋላ ክፍል አመጣሁለት። ትከሻው ላይ ጣል አደረገው። ሰፋው። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረገና አወለቀው።

“የሞተ ሰው ልብስ ነው። አይሆነኝም።”

በማግስቱ በጎንደር አውቶቡስ ሄደ።

እሱ አልተመለሰም። እናቱ እዚያው ገዳም አረፉ። ጋቢዬ ካለቀ ቆይቷል። ካፖርቱ አለ፤ አልታጠበም።