የላዳዬ ማሞቂያና የአያ ዘለቀ እግር

ነገሩ የሆነው አምና በጥቅምት ብርድ ነው። ዓመት ቢያልፈውም ባሰብሁት ቁጥር ምራቄን መዋጥ ያቅተኛል። ምግብ ላይ ያላችሁ መጀመሪያ ብሉ፤ ይህ በኋላ ይደርሳል።

ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ጎንደር አራዳ ካለው ግቢዬ አንዲት አሮጌ ላዳ አለችኝ። እኔና እሷ አንድ ነን፤ ጉልበታችን ይንቋቋል፣ ጠዋት ለመነሣት ብዙ ማሳል አለብን። የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ሞልቶ ከዜሮ ጀምሯል፤ በዚህ ብቻ ትበልጠኛለች።

ስድስት ዓመት ከዛፍ ሥር ቆማ ዶሮዎቼ እንቁላል ሲጥሉባት ኖረው፣ አምና ላስነሣት ቆረጥሁ። መካኒኩ ጌትነት ባትሪዋን፣ ካንዴላዋንና ቺንጋዋን ቀየረ፣ ካርቡራተሯን አጠበ። ከዚያ አፍንጫውን ወደ ዳሽቦርዱ ሥር አስጠጋና፣

«መምህር፣ ማሞቂያውንም እንፍታው። አይጥ የሰፈረበት ይመስለኛል» አለኝ።

«ለጎንደር ፀሐይ ማሞቂያ ምን ይሠራል? ተወው፣ ቸኩያለሁ!» አልሁት።

የቸኮልሁት ለሽምግልና ነው። የእህቴ ልጅ ሊያገባት የፈለጋት ልጅ አባት ዳባት ይኖራሉ። ጥብቅ ሰው ናቸው፤ ሁለት ጊዜ «እናስብበት» ብለው መልሰውናል። በሦስተኛው ቁርጡን ሊነግሩን ነው። ልጁ እህል አልቀምስ ብሏል። ሁለቱን ጊዜ የሄድነው በሚኒባስ ነበር። ለሦስተኛው ግን በገዛ መኪናዬ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አልሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተነሣን። ከኋላ የነፍስ አባታችን አባ አድማሱ፣ ከጎኔ አያ ዘለቀ ተቀመጡ። አያ ዘለቀ የልጁ አጎት ናቸው፣ በአባቱ በኩል፤ ገበሬ ናቸው፣ ላስቲክ ጫማ አድርገዋል። ሦስታችንም ነጭ በነጭ ለብሰናል።

ዳገቱን ስንጀምር አንድ ሽታ መጣ። እንደ በሰበሰ ሥጋ ያለ፣ ጉሮሮ ላይ የሚለጠፍ። አባ አድማሱ መስኮት ከፈቱ። ሽማግሌ ለሽማግሌ ሸተትህ አይባባልም።

እኔ ግን ቀልደኛ ነኝ ባይ ነኝ። የአያ ዘለቀን ጫማ አየት አድርጌ፣

«አያ ዘለቀ፣ እግርዎ ለመጨረሻ ጊዜ ውሃ ያየው መቼ ነው?» አልኋቸው።

አልሳቁም። ፊታቸው ጠቆረ። «አቁም እስቲ» አሉ። አምባ ጊዮርጊስ ሳንደርስ ካለች ጅረት ወረዱና በዚያ ብርድ እግራቸውን በድንጋይ ፈገፈጉት። እኔ ከመሪዬ ላይ ሆኜ አየሁ። አባ አድማሱ ከኋላ «ምነው መምህር?» ብቻ አሉኝ።

ተመልሰው ሲገቡ ሽታው እዚያው ነው። እሳቸው ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል። ትንሽ አዘንሁና፣ «ላሙቅልዎት» ብዬ ማሞቂያውን ከፈትሁት።

መጀመሪያ አንድ ነገር ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ከዚያ ገለባ፣ ፀጉርና የአይጥ በጠጥ ፊታችን ላይ ተበተነ። አባ አድማሱ ከኋላ «በስመ አብ!» አሉ። በመጨረሻ ማራገቢያው ግማሽ አይጥ ከነጅራቱ ተፋ። ያረፈው የት እንደሆነ ልንገራችሁ? አሁን ከታጠበው እግር ላይ። አይጡ ርጥብ ነበር። የቀረውን አልጽፈውም።

አያ ዘለቀ በተበተነው ገለባ ያዙና በመስኮት ወረወሩት። እኔ ግን ይቅርታ አላልሁም፤ አፌን ብከፍት ቁርሴ ይቀድመኝ ነበር።

ልብሳችንን አራግፈን ዳባት ደረስን። የልጅቷ አባት ሊስሙን ቀርበው ወዲያው ወደ ኋላ ሸሹና አፍንጫቸውን በጋቢ ሸፈኑ።

«ምን ይዛችሁብን መጣችሁ?»

ላዳዋ ከደጅ ቆማ ታበራለች። የእኔ ናት፣ እኔ ነኝ ያስነሣኋት ለማለት ከጎንደር ጀምሮ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ጠፋኝ።

አያ ዘለቀ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዱ። «የእኔ ነው ጌታው። መንገድ ላይ የሞተ ነገር ረግጬ ነው። ይቅር በሉኝ።»

ሰውዬው ትንሽ አዩዋቸውና ፈገግ አሉ። ባለቤታቸው በሳፋ የሞቀ ውሃ አመጡ። አያ ዘለቀ በእኔ አይጥ የተነሣ በአንድ ቀን ለሁለተኛ ጊዜ እግራቸውን ታጠቡ።

«ነውሩን ፊት ለፊት የሚናገር ሽማግሌ ካለበት ቤት ልጄን ብሰጥ አይቆጨኝም» አሉ አባትየው። «ሸጋ፣ ፈቅደናል።»

እኔም በመስማማት ራሴን ነቀነቅሁ። አዎ፣ ነቀነቅሁ! እንደ ትልቅ ሰው።

ማሞቂያውን ጌትነት ነቅሎ ጥሎታል። አያ ዘለቀን ይቅርታ የጠየቅሁት በሠርጉ ዕለት ነው፤ ከላዳዋ ገብተው ነበር። አንድ ጫማቸውን አወለቁና ከአፍንጫዬ ሥር አስጠጉት።

«ያሽትቱ መምህር!»

አሸተትሁ። ሳሙና ሳሙና ይላል።

«ከእርስዎ መኪና የምገባው ታጥቤ ነው» አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ለልጅቷ አባት እውነቱን እስካሁን አልነገርኋቸውም። ይህን ካነበቡ አሁን ዐወቁ። አይጡስ ከእኔ ይሻላል፤ እሱ እንኳ የከረፋው ከሞተ በኋላ ነው።