ባለ ሦስት ፊደል ስም

ለነፍስ አባቴ በተናዘዝኩ ቁጥር አንዲት ነገር እዘላለሁ። ለእናቴም ለባለቤቴም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ሰበቤ «ነገሩ የኮምፒውተር ነው፣ አባ አይገባቸውም» የሚል ነበር። የሰው ድካም መስረቅ የማይገባው ቄስ የት አለ?

ከዓመታት በፊት እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ በኮንትራት ፕሮግራም እጽፍ ነበር። አረጋውያንን መድኃኒት የሚያስታውስ መሣሪያ ነው የምንሠራው፤ የሕመምተኛውን ስምና የመድኃኒቱን ሰዓት ያሳያል። አማርኛ እንዲጽፍ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ኮርቼበታለሁ። ላፕቶፔ ላይ እንከን አልነበረውም። መሣሪያው ላይ ሲጫን ግን አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ድርቅ ብሎ ይቆማል። የመሣሪያው አእምሮ፣ ፕሮሰሰሩ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ዓይነት ስለነበር የምንጠይቀው ሰው እንኳ አጣን።

መሣሪያውን ቴስት የሚያደርጉት ጋሽ መኮንን ነበሩ፤ ከሀያትስቪል በአውቶቡስና በባቡር ይመላለሳሉ። እሳቸውም እንደኔ ኮንትራት ናቸው። ማናጀሩ ከሁለታችን አንዳችንን ብቻ በቋሚነት እንደሚያስቀር ሁለታችንም እናውቃለን። መሣሪያው በቆመ ቁጥር «ሰውዬው አያያዙን አይችልበትም» ይባል ጀመር። ሰማሁ፤ አላስተባበልኩም።

እሳቸው አልተቆጡም። እንዲያ ያለ ትዕግሥት ከገዳም ውጪ አላየሁም። ሳምንቱን ሙሉ ደብተር ላይ ስም እየጻፉ፣ የሠራውንና የቆመውን እየለዩ ከረሙ። ዓርብ ከሰዓት ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ፀሐይ ምን በደለችሽ?»

«የትኛዋ ፀሐይ ጋሼ?»

«አልማዝ ብዬ ስጽፍ ይሠራል። አስቴር ስል ይሠራል። ፀሐይ ስል ቀጥ! አበበም እንደዚያው። ባለ አራት ፊደሎቹን ብቻ ነው እንዴ የምትወጂው?»

ሳቅኩ። ደብተሩን ሲዘረጉልኝ ሳቄ ጠፋ። አንድ የአማርኛ ፊደል ሜሞሪ ላይ ሦስት ባይት ይይዛል። ከስሙ ቀጥሎ የሰዓቱ ቁጥር ይቀመጣል፤ ያ ፕሮሰሰር ደግሞ ቁጥሩን የሚያነበው የተቀመጠበት አድራሻ፣ የቦታው ተራ ቁጥር ማለት ነው፣ ለአራት ያለ ቀሪ ሲካፈል ብቻ ነው። አራት ፊደል አሥራ ሁለት ባይት፣ ይካፈላል። ሦስት ፊደል ዘጠኝ፣ አይካፈልም። ላፕቶፕ እንዲህ ያለውን ችሎ ያልፋል። ለእንግሊዝኛው ስም የጎደለውን ባይት የሚሞላ የኮድ መስመር ነበረ፤ ለአማርኛው የረሳሁት እኔ ነኝ። አንዲት መስመር! እሳቸው ኮዱን ሳያዩ፣ ስም እየጻፉ ብቻ እዚያ ደረሱ። ከዚያ ወዲህ ከብዙ የተማሩ ሰዎች ጋር ሠርቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ዓይን አላጋጠመኝም።

«አስተካክይውና ሰኞ አብረን እንናገራለን» ብለውኝ ሄዱ።

ሰኞ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበራቸውና አረፈዱ። ስብሰባው አልጠበቃቸውም። ማናጀሩ «ማን አገኘው?» አለ። እኔ፣ «እኔ» አልኩ። እንዴት እንዳገኘሁት ሲጠይቀኝ ምን አልኩ? «ጸልዬ።» ሰረቅሁ፤ ስርቆቴንም በእግዚአብሔር ስም ሸፈንኩ። የረሳሁት እኔ እንደሆንኩማ ማን ተናግሮ!

ወሩ ሲያልቅ እኔ ቀረሁ፣ እሳቸው ወጡ። ዕቃቸውን ሲሰበስቡ እንዳላየሁ ሆንኩ። በማግስቱ ኮል አደረጉልኝ።

«እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ። ረጃጅም ስሞችንም ሞክሪያቸው፤ መድኃኒት ነው፣ ቀልድ የለውም።»

ያደረግሁትን ያውቃሉ፤ ከድምፃቸው ገባኝ። ስለ ራሳቸው አንድ ቃል አልወጣቸውም። የጨነቃቸው መድኃኒቷን የምትጠብቅ አንዲት የማያውቋት አሮጊት ነበረች። እኔስ? «አሜን» አልኩ። አሜን!

ልጅ ነበርኩ እንዳልል፣ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። የመኖሪያ ወረቀት አልነበረኝም እንዳልል፣ ነበረኝ። ሥራ እንዳላጣ ፈራሁ ብል እውነት ነው። እሳቸውም ይፈሩ ነበር፤ ግን አልሰረቁም።

አሁን ሴቨን ኮርነርስ በሚባለው ሰፈር ስልክ ይጠግናሉ አሉ። ይህን ጽሑፍ ይዤ እሄዳለሁ፤ ይቅር ማለትም አለማለትም የእሳቸው ነው። እናንተ የምታነቡት ግን ይህን ያዙልኝ፦ የዚያ ድርጅት መዝገብ ስህተቱን ያገኘሁት እኔ እንደሆንኩ ይናገራል። ሐሰት ነው። ያገኙት ጋሽ መኮንን ናቸው፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።