ከንፈሬ ላይ የበራው ነገር

ዛሬ ከሰዓት መስታወት ውስጥ ከንፈሬ ብርቱካንማ ሆኖ ሲያበራ አየሁ።

የምሠራው ድሬዳዋ ከዚራ፣ አንድ ትንሽ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ኳንተም ዶት የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶችን ከካንሰር ሴል ጋር እናጣብቃለን። በአልትራቫዮሌት መብራት ስናያቸው ሴሉ ይበራል። የእኛዎቹ ውስጣቸው ካድሚየም ነው፤ ከሽፋኑ ከወጣ ኩላሊት ይጎዳል።

የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ባልደረባዬ አብዲ እጁን ሲያልበው ጓንቱን አውልቆ ሥራውን ጨረሰ።

ከዚያ እጁን በውሃ ለቅለቅ አደረገና ጫት ልንቅም በርጫ ተቀመጥን። እንደ ልማዱ ከጫቱ ለጋ ለጋውን እየቀነጠሰ አቀበለኝ። (እምቢ ብለው ሳምንት ያኮርፈኛል።)

ተመልሰን የአልትራቫዮሌቱን መብራት ሳበራ መጀመሪያ የእሱ ጣቶች በሩ። ቀና ብሎ ፊቴን ሲያይ መስታወት አቀበለኝ።

አፌን በሳሙና ሳይቀር ታጥቤ መብራቱ ስር ተመለስኩ።

«አቦ ጠፍቷል፣ ወላሂ ምንም የለም» አለኝ።

ሽፋኑ ሲበላሽም ብርሃኑ እንደሚጠፋ አብዲን አላስታወስኩትም። የዋጥኩትን ደግሞ መብራቱ አያሳየኝም።

እናንተስ፣ ሳይታወቃችሁ ከሥራ ይዛችሁት ቤት የገባችሁት ነገር አለ? ጻፉልኝ።

ልጄ አጠገቤ ቆማ «እማ፣ ሳሚኝ» እያለችኝ ነው። እስካሁን አልሳምኳትም።