ድስት ተመኝተው መኪና የደረሳቸው

ካዛንቺስ ፈርሶ ጎረቤቱ ሲበተን የእድሩ ዕቃ በዕጣ ተከፋፈለ። ጡረተኛው ጋሽ ገብረክርስቶስ ትልቁን ብረት ድስት ተመኝተው ዕጣ ቢያወጡ፣ የደረሳቸው ድስቱ ሲቀመጥባት የኖረችው አሮጌ መኪና ሆነች፤ የጥንት ፊያት፣ ቶፖሊኖ።

«አንተ ሰውዬ፣ ድስት አምጣ ብልህ የድስቱን ቤት ጎትተህ መጣህ?» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጀማነሽ።

ጋሽ ገብረክርስቶስ ያበጠው ይፈንዳ ብለው፣ ቂርቆስ በተከራዩት ግቢ ዝገቱን ሲፍቁ፣ ቀለም ሲቀቡ ከረሙ። መኪናዋ ግን ካልተገፋሁ አልነሳም አለች። ስለዚህ በየቅዳሜው የድሮ ጎረቤቶች ከየኮንዶሚኒየሙ ይመጣሉ፤ ይገፋሉ፣ ይተራረባሉ። ድስቱ የደረሳቸው ወይዘሮ አምሳለም ድስቱን አሸክመው ይመጣሉ። ወይዘሮ ጀማነሽ «ይቺ ቆርቆሮ ሰው ሁሉ ሰበሰበችብኝ!» እያሉ በዚያው ድስት ወጥ ይሠራሉ።

አንድ ዓርብ ጋሽ ገብረክርስቶስ ባትሪ ቀይረው ቁልፉን ቢያዞሩት፣ ሞተሩ ማንም ሳይገፋው ተነሣ። ደስታቸውን ሊያበስሩ ቀና ሲሉ ወይዘሮ ጀማነሽ ማማሰያቸውን እንደያዙ ከጓዳ ሮጠው ወጡ።

«አጥፋው!» አሉ፣ ወደ ግቢው በር እየተገላመጡ። «ነገ ማን ሊመጣልን ነው?»