የጎረቤቴ ልጅ ነጭ ጋዋን

ጎረቤቴ የልጇን ነጭ ጋዋን የምታሰጣው ደጃፌ ፊት ለፊት ነበር። በወንዙ በኩልም ገመድ አላት፤ ንፋሱም እዚያ ይሻላል። እሷ ግን ባሮ ወርዳ አጥባው ትመለስና እኔ በማይበት በኩል ትዘረጋዋለች። ልጇ ጤና ረዳት ሆና ከተቀጠረች ወዲህ ያ ጋዋን ዓይኔን እንደ ጭስ ያስለቅሰኝ ነበር።

ሁለታችንም የጋምቤላ ልጆች ነን፤ አንድ ቤተ ክርስቲያን እንዘምራለን። እሷ ግን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብታ ስለተማረች አማርኛው አፏ ላይ ይፈስላታል። እኔ ፊደል ቆጥሬ ወጣሁ፤ አማርኛውን ገበያ ላይ ነው የለቃቀምኩት።

ክልል በሆንን ሰሞን ከጤና ቢሮ የመጣ ሰው ማንጎ ዛፍ ሥር ሰብስቦን ነበር። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ጤና ጣቢያው ውስጥ አንድ ዓመት በነፃ ካገለገለች ለሥልጠና ትላካለች አለን። መጀመሪያ ከአቦቦ ወረዳ የመጣች አንዲት ልጅ ሄደች፤ ቀጥሎ የጎረቤቴ ልጅ። እኔም ይህን አይቼ ልጄን አስገባኋት። መርፌ ትቀቅላለች፣ ወለል ታጥባለች፣ ሕፃናቱን ሚዛን ላይ ታንጠለጥላለች። አጎቷ ባል አግኝቶላት ስለነበር በግድ ነው ያስታገስኩት። ዓመቱን ትጨርስ፣ ካልተላከች ትዳራለች ተባብለን ተለያየን።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል መመሪያው ተለውጧል ተባለ። ከእንግዲህ አሥረኛ ክፍል ያልጨረሰች አትላክም። ጠርቶ የነገረን የለም፤ ልጄ የሰማችው ወለል እያጠበች ነው። ያን ቀን ጋዋኑን ከገመድ አውርጄ ጭቃ ላይ ብረግጠው ደስ ባለኝ።

ቢሮ ሄድኩ፤ "እናቴ፣ መመሪያ ነው" ብለው መለሱኝ። ፍርድ ቤት ሂጂ ያለችኝ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት። መንግሥትን ከሶ በደህና ቤቱ የገባ ሰው አላውቅም ነበር። ልጄን ቢያባርሩብኝስ? እኔን ቢያስሩኝስ? አጎቷ ግን የሠርጉን ነገር ጀምሮ ነበር። እየፈራሁ ሄድኩ። ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር የሚጽፍ ሰው "ልጄ ተስፋ ነበራት" ብሎ ማመልከቻ ጻፈልኝ።

በቀጠሮው ቀን የቢሮው ተወካይ፣ ማን ይሰልጥን የሚለው የቢሮው ሥራ ነው፣ መመሪያም ይለወጣል ብሎ ተናገረ። ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ።

"ተስፋ ሁሉም ሰው አለው፤ በተስፋ አይከሰስም" አሉኝ። "እነሱ ምን ብለውሽ ነበር?"

ያለችኝ አማርኛ ሁሉ ጠፋች። ከአፌ የወጣው ሆዴ ውስጥ የከረመው ነው።

"የጎረቤቴ ልጅ ሄዳለች። የእኔ ልጅ ከእሷ በምን ታንሳለች?"

ተወካዩ ፈገግ አለ። "ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይህ እኮ የጎረቤት ቅናት ነው።"

ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። ዳኛው ግን አልሳቁም። የጎረቤትሽ ልጅ እንዴት ሄደች አሉኝ። ይኼን ጊዜ አፌ ተፈታ። የዚያችን ቤት ነገር ከራሴ ቤት አብልጬ አውቀዋለሁ። ስንተኛ ክፍል እንደነበረች፣ ምን እንዳጠበች፣ ዓመቷን ስትጨርስ ማን እንደጠራት፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ከእሷ በፊት የሄደችውስ ሲሉኝ የአቦቦዋንም ነገርኳቸው። ለዚህ ምስክር አለሽ ወይ አሉኝ። ምስክሬ ማን ሊሆን ነው?

ባሮ ዳር ጋዋኑን ስታጥብ አገኘኋት። የመጣሁበትን ሳልጨርስ ገባት።

"በዓይንሽ የበሳሽው መስሎኝ ቀዳዳውን ስፈልግ ነበር" አለችኝ።

"ፊቴ ላይ ሰቅለሽው ምን ላድርግ?"

"እንዲታይ አይደል የሰቀልኩት" አለችና እየሳቀች ጨመቀችው። "እመጣለሁ፣ እህቴ።"

መጣች። እዚያ ቆማ፣ ቢሮው አንድ ዓመት ያገለገለች ትላካለች ብሎ ልጆቻችንን እንደወሰደ፣ ለእሷ ልጅም ቃሉን እንደፈጸመ ተናገረች። አንድ ቃል አልተሰናከለችም። ዳኛው እያዳመጡ ሲጽፉ እኔ የመጣሁበትን ጉዳይ ረስቼ በአማርኛዋ ቀናሁ።

ፍርዱ ሲነበብ ቢሮው መመሪያውን መለወጥ ይችላል ተባለ። ነገር ግን ቃሉን አምነው ማገልገል የጀመሩትን ሳይጠራና ሳይሰማ ማስቀረት አይችልም፤ ልጅቷን ጠርቶ ይስማና እንደገና ይወስን።

"ትሄዳለች ማለት ነው?" አልኩ።

"ይሰሟታል ማለት ነው" አሉኝ ዳኛው።

ለአጎቷ ይህን ስነግረው፣ መሰማት ሥልጠና ነው እንዴ ብሎ አሾፈብኝ። ቢሆንም ሠርጉን አቆየው። ቢሮው ልጄን ሲጠራት እኔ ውጭ ግድግዳ ተደግፌ እጸልይ ነበር። ስትወጣ ፊቷን አይቼ ምንም አላወቅሁም። መልሱ ሰንብቶ መጣ፤ ከለውጡ በፊት ማገልገል የጀመሩት በድሮው ደንብ ይላኩ ተባለ።

ልጄ ለሥልጠና ስትሄድ ምእመናኑ ሊሸኟት መኪናው ዘንድ ተሰበሰቡ። የጎረቤቴ ምስክርነት ባይኖር ይላሉ፤ እሷን ያቅፋሉ፣ እሷን ይመርቃሉ። ፍርድ ቤት ያቆምኳት እኔ፣ ስፈራ ያደርኩት እኔ። ልጄም አስቀድማ የተጠመጠመችው የጎረቤቴ አንገት ላይ ነው። ምን እንዳለቻት አልሰማሁም። እኔ ስንቋን እንደታቀፍኩ ተራዬን ጠበቅሁ።