ቀይ ክር የታሰረበት ኩባያ

ባለፈው ወር፣ ማክሰኞ ጠዋት... ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር በማጸዳው ቢሮ ደረጃውን እየወለወልኩ ነበር። በሩ ላይ ባጃጅ ቆመ። የእድራችን ዳኛ ወረዱ፤ ከኋላቸው ጎረቤቴ አልማዝ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ።

ሰው ለሌላ ጉዳይ እንዲህ ሆኖ አይመጣም። መወልወያውን ባልዲው ውስጥ መለስኩና «የትኛው ልጄ ነው?» አልኳቸው። ያለችኝ አንድ ናት።

«ትዕግሥት» አሉ ዳኛው።

ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። መልካ ጀብዱ ቤት ተከራይታ ፋብሪካ ውስጥ ልብስ ትሰፋ ነበር። ሥራ ላይ ወድቃ ሆስፒታል ወሰዷት፣ በማግስቱ አረፈች። እኔን በስልክ «ጉንፋን ነው እማዬ» ነበር የምትለኝ።

ኤች አይ ቪ በደሟ ውስጥ እንዳለ ካወቅን ስምንት ዓመት ሆኖናል። መድኃኒቷን አንድ ቀን እንኳ አሳልፋ አታውቅም ነበር። ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ወርዶላት፣ ወፍራ፣ አምሮባት ነበር።

ስለዚህ ሐኪሙ «መድኃኒት ካቆመች ሰባት ወር አልፏታል» ሲለኝ አላመንኩትም። «ሌላ ሰው ይሆናል፣ ካርዱን እንደገና እይልኝ» አልኩት። አየው። የእሷ ነው።

ቀበርናት። ከዚያ በኋላ የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነበር... ለምን አቆመች?

በሠልስቱ የሥራ ባልደረቦቿ በፋብሪካው ሰርቪስ መጡ። ያን ቀን ጠዋት የፋብሪካው ዘበኛ ዕቃዋን በፌስታል አምጥቶልኝ ነበር። ጋውን፣ ነጠላ ጫማ፣ ሳህን፣ ማንኪያ፣ አንድ የቆርቆሮ ኩባያ። የኩባያው እጀታ ላይ ቀይ የስፌት ክር ተጠምጥሞ ታስሯል። የራሷን ለመለየት ያደረገችው መሰለኝ።

እድራችን በዚያ ቀን ሁለት ለቅሶ ነበረበትና ዕቃው ተከፋፍሎ መጠጫ አነሰን። እኔ ፍራሽ ላይ ነኝ፤ ሐዘንተኛ አይነሣም። አልማዝን «የልጄ ኩባያ አለ፣ አጥበሽ ጨምሪው» አልኳት። ጓደኞቿ በእሷ ኩባያ ቢጠጡ ደስ ይለኛል ብዬ ነው።

መጀመሪያ ውኃ የጠየቀው የክፍላቸው ኃላፊ ነበር፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ጎልማሳ ሰው። አልማዝ በዚያ ኩባያ ቀድታ ሰጠችው። ወደ አፉ ሊያስጠጋ ሲል ክሩን አየ... ወንበሩ ሥር አስቀመጠው።

«ሞቀብህ እንዴ?» አለችው አልማዝ።

«አይ፣ አልጠማኝም።»

«አሁን አይደል እንዴ ውኃ ያልከው? የድሬን ሙቀት በአንድ ደቂቃ ለመድከው?»

አነሣችና አጠገቡ ለተቀመጠችው ልጅ ሰጠቻት። «ጾም ላይ ነኝ» አለች። አፏ ውስጥ ንፍሮ ታኝካለች። ሦስተኛዋ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። አልማዝ ኩባያውን ይዛ አግዳሚውን ተከትላ ሄደች... ሄደች... የሚቀበላት ጠፋ። ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ።

ዳር የተቀመጠችው ልጅ ተነሣች። ፎዚያ ትባላለች። «አቦ ይበቃል!» ብላ ኩባያውን ከአልማዝ እጅ ቀማችና በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው። ከዚያ እኔ ያለሁበት ፍራሽ አጠገብ መጥታ ተንበረከከች።

«እማማ፣ ወላሂ አንቺን ቀና ብዬ ማየት አፍሬ ነው የተቀመጥኩት። ይህን ክር ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን አሰርሽው?»

«ከእኛ ዕቃ ጋር እንዳይቀላቀል።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። ፋብሪካው ውስጥ ልጄ ልብስ ከምታስቀምጥበት ሳጥን አንዷ የመድኃኒቱን ብልቃጥ አይታ ለሰው አወራች። ምሳ ሁሉም ከየቤቱ ያመጣውን አንድ ትሪ ላይ ደባልቀው ነበር የሚበሉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጄን ለብቻዋ አስቀመጧት። ኃላፊው ደግሞ «መርፌ ቢወጋትስ፣ ለሁላችሁም ይሻላል» ብሎ ከስፌት አንሥቶ ግቢ ጠራጊ አደረጋት።

«አንድ ቀን ምሳ ስንበላ መጣች» አለች ፎዚያ። «ብልቃጡን ፊታችን ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። ‹የኔ አይደለም... ይኸው፣ የምውጠው ነገር የለም፣ ደህና ነኝ› አለችን።»

«ከዚያስ? ትሪው ላይ መለሳችኋት?»

«አልመለስናትም።»

እንግዲህ የጥያቄዬ መልስ ይኼ ነው። ልጄ ሰባት ወር ሙሉ ደህና መሆኗን ልታሳያቸው ስትሞክር ነበር።

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «እማማ፣ ሠራተኛው እየፈራ አስቸግሮኝ እንጂ፣ እኔ በግሌ...» እስኪጨርስ ጠበቅኩት። አልጨረሰም። «ሰርቪሱ እየጠበቀን ነው» አለና ሁሉም ተነሡ። ሲወጣ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለኝ። አሜን አልኩ... አፌ ለምዶ ነው።

ፎዚያ አብራቸው አልሄደችም። እስኪመሽ ከአልማዝ ጋር ዕቃ ስታጥብ ዋለች። አሁንም ትደውልልኛለች፤ ዱዓ እያደረግኩላት ነው ትለኛለች። ይቅር ብዬሻለሁ አላልኳትም። ስልኩን ግን አነሣለሁ።

ይህን ከሚያነቡት መካከል በሥራ ቦታው ተደብቆ መድኃኒቱን የሚውጥ ካለ፣ እባክህ ልጄ፣ እባክሽ ልጄ... ለማንም ተብሎ አይቆምም።

ሌሎቻችሁ ደግሞ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ እንደየእምነታችሁ ጸልዩላት። የክርስትና ስሟ ወለተ ሥላሴ ነው። ለብቻዋ ግን አይሁን... ከራሳችሁ ሙታን ጋር ደባልቃችሁ ጥሩልኝ።