አፍ የሚጠይቀው መነጽር

እ.ኤ.አ. ሜይ 9 ቀን 2023። በጃፓን፣ ሂጋሺ ኦሳካ ከተማ፣ በአንድ ትንሽ የብረት ፋብሪካ የስልጠና ቅጽ ላይ አሥረኛው መስመር ባዶ ነው። ዘጠኙ ተሞልተዋል፤ የሠልጣኟ የቤተሰብ ስም ናዋቴ፣ የራሷ ስም ሺዙኖ፣ ዕድሜ ሃምሳ ስምንት፣ ብረት ተጭኖ ቅርጽ የሚያስይዘው የአራተኛው ፕሬስ ማሽን ሠራተኛ። ለማለፏ በፊርማ ፋንታ ማኅተሟ ማረፍ የነበረበት ይህ ቦታ ግን እንደ ነጣ ቀረ። ወር ሳይሞላ ሺዙኖ በተኛችበት ልቧ ቆሞ አረፈች።

ሺዙኖ ከልጅነቷ ጀምሮ አትሰማም። በዚያ ፕሬስ ሠላሳ አንድ ዓመት ስትሠራ አሥሩም ጣቶቿ አብረዋት ነበሩ። የቢሮ ሰዎችም ጣታቸው ሙሉ ነው፤ ማሽን ነክተው ስለማያውቁ።

በዚያ ወር አለቃው ኩሱሞቶ ዓይን ላይ የሚጠለቅ የስልጠና መነጽር ገዛ። ያጠለቀው ሰው የሌለ ፕሬስ ፊቱ ተገትሮ ያያል፤ ቢሳሳትም የሚቆረጠው የሌለ እጅ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ያላለፈ ከፕሬሱ ተነስቶ ማሸጊያ ክፍል ይገባል ተባለ። ሺዙኖ መነጽሩን አልጠላችውም። ዕድሜዋን ሙሉ ከውጭ ያየችውን ማሽን ሆዱን ከፍቶ ሲያሳያት፣ አንገቷን አስግጋ ብዙ ቆየች።

ጣጣውን ያመጣው የቆየው ልማድ ነው። ፕሬሱን የሚያወርደው የእግር ፔዳል ከመረገጡ በፊት ሠራተኛው ብረቱ የተቀመጠበትን ቦታ በጣቱ እያመለከተ፣ ደህና መሆኑን አይቶ «ዮሺ»፣ ማለትም «ደህና ነው» ብሎ ይጮኻል። ሺዙኖ በጣቷ ታመለክታለች፣ በከንፈሯ ትለዋለች፤ ማንም ቅር ብሎት አያውቅም። መነጽሩ ግን ድምፅ ካልሰማ አይንቀሳቀስም። እንደ ምንም ከጉሮሮዋ አወጣችው። «አልሰማሁም» የሚል ቀይ ጽሑፍ መጣ። ሦስት ጊዜ ሞከረች፣ ሦስት ጊዜ መጣ። መስማት የተሳናት ሴት እንድትሠለጥንበት ይህንን የሸጡት ሰዎች፣ «ማንንም ወደ ኋላ የማይተው ስልጠና» በሚለው ማስታወቂያቸው ላይ የሚለጥፉትን ፎቶዋን ለማንሳት ግን አልዘገዩም።

ኩሱሞቶ ብልሃት አላጣም። በምልክት ቋንቋ የምታስተረጉምላትን ኦሪኤን ጠርቶ፣ ከኋላዋ ቆማ እንድትጮኽላት አዘዘ።

«ማሽኑ የማን አፍ እንደሆነ አያውቅም። አንቺ ጩኺ፣ እሳቸው ይርገጡ፣ ማኅተማቸውን ያሳርፉ፣ እኛም ምሳችንን እንብላ።»

ኦሪኤ አስተረጎመች፤ ከራሷም ጨምራ፣ ይሄ ሰውዬ ከሆዱ በቀር የሚያስበው የለም አለቻት። ሺዙኖ ሳቀች። ከዚያ እጆቿ ቀስ ብለው መለሱ፣ ኦሪኤም ምንም ሳትቀንስ ተናገረችው።

«አቶ ኩሱሞቶ፣ የሌላ ሰው አፍ የኔን ጣት አይጠብቅልኝም። እኔ ሳላየው እሷ ደህና ነው ብትልስ? ማኅተሜን ውሸት ላይ አላሳርፍም።»

«እንግዲያው ማሸጊያ ክፍል ይገባሉ።»

«ካርቶን የሚያሽግ ሰው አያጡም።»

በወሩ መጨረሻ ለቀቀች። ኩሱሞቶ «በገዛ ፈቃዷ» ብሎ መዘገበ፤ ሌሎቹ ሁሉ አልፈዋል ብሎም ለበላዮቹ ጻፈ። ፎቶዋ ማስታወቂያው ላይ አሁንም አለ።

የሚለቅ ሠራተኛ የሥራ ልብሱን አጥቦ ይመልሳል። ጁን 2፣ ዓርብ ጠዋት፣ ሺዙኖ ሁለት የበጋና ሁለት የክረምት ልብሷን አጥባና ተኩሳ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ፋብሪካው በር ወሰደች። ዘበኛው አራት መሆናቸውን አይቶ ደረሰኝ ሰጣት። አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና በአውቶቡስ ወደ ቤቷ ተመለሰች።